ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሬ ለምን ዳታ ይልካል?

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። የሒሳብ መምህርት ነኝ። ቤቴ ያለውን ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ኮምፒውተር ፈተና ለማዘጋጀትና የተማሪዎችን ውጤት ለመመዝገብ እጠቀምበታለሁ፤ ኢንተርኔት የማገኘው በሲም ካርድ በሚሠራ የዋይፋይ ሞደም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ 2 ጊጋባይት ጥቅል ገዛሁ። እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼ፣ ቤቱን ቆልፌ ሥላሴ ለማስቀደስ ሄድኩ። ጠዋት 4 ሰዓት ስመለስ ጥቅሉ አልቋል። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የሞደሙ መብራት ግን ይብለጨለጫል። ኮምፒውተር የሚጠግን የጎረቤት ልጅ ጠርቼ የዋይፋዩን ሁኔታ የሚያሳየውን መስኮት ሲከፍትልኝ፣ የተላከው ቁጥር ከተቀበለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እሱም «እትዬ፣ የሚሰልል ቫይረስ ገብቶበታል፤ ዛሬውኑ ፎርማት ካልተደረገ ያለዎትን መረጃ ጠራርጎ ይወስደዋል» አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ነገሩ አስፈርቶኛል። ይሁንና ኮምፒውተሩ ላይ የተማሪዎቼ ውጤት አለ፤ ልጄም በዚያው ሳምንት ከሞላሌ የአባቴን ተዝካር ፎቶና ቪዲዮ አምጥቶ ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጦልኛል። ማንም ሳይነካው ምን ይልካል? ፎርማት ላስደርገው ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ

የተከበሩ መምህርት፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ይህን መልስ አንብበው ጨርሰው፣ ከዚህ በታች የምጽፍልዎትን በዓይንዎ እስኪያረጋግጡ ድረስ ኮምፒውተሩን ማንም ፎርማት እንዳያደርገው። ይህን የምለው የጎረቤትዎን ልጅ ሙያ ለመንቀፍ አይደለም። የተላከውንና የተቀበለውን ለይቶ ማሳየቱ ትልቅ እገዛ ነው፤ ብዙዎች ይህን ሳያዩ ነው ፍርድ የሚሰጡት። ነገር ግን ኮምፒውተር ዳታ መላኩ ብቻውን የስለላ ማስረጃ አይሆንም። ፎርማት ደግሞ ጥፋተኛ ካለ ከነማስረጃው ይሰርዘዋል፤ ላኪው ጤነኛ ፕሮግራም ከሆነም ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ተመልሶ ስለሚገባ ጥቅልዎ ማለቁን ይቀጥላል፣ የጠፋው ፎቶ ግን አይመለስም።

ኮምፒውተር እስከበራ ድረስ፣ ሰው ቢነካውም ባይነካውም፣ ውስጡ በርካታ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። እንዲያውም ከባድ ከባዱን ሥራ ባለቤቱ ከወንበሩ እስኪነሣ ጠብቀው የሚጀምሩ አሉ። ዊንዶውስ ራሱን የሚጠግንበት ሰዓት፣ ሰው ካልቀየረው በቀር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት የተመረጠው በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ይተኛል፣ ኮምፒውተሩም አይፈለግም ተብሎ ነው። ስለዚህ እርስዎ ለቅዳሴ ሲወጡ፣ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ሥራዎች ሁሉ መንገድ ተከፈተላቸው።

ከሚላከው ውስጥ አንዳንዱ እጅግ ጥቂት ነው። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ለማስተካከል በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ላለ ሰዓት ነጋሪ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጥያቄ ይልካል፤ ጥያቄው 48 ባይት ነው፤ አንድ የስልክ አጭር መልእክት እንኳ 140 ባይት ይይዛል። ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖሩን የሚያረጋግጠው ደግሞ «ማይክሮሶፍት ኮኔክት ቴስት» የሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ የተጻፉበትን ፋይል ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጠይቆ በማንበብ ነው። ቴሌግራም ከተጫነ፣ መልእክት ሲመጣ ወዲያው ለማሳወቅ ከሰርቨሩ ጋር ያለውን መስመር ሳይዘጋ ስለሚቆይ፣ መስመሩ እንዳይቋረጥ አልፎ አልፎ ጥቂት ባይት ይልካል። ክሮምም መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ከበስተጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅድ ማስተካከያ አለው። አንቲቫይረሱ አዲስ የቫይረስ መለያ መውጣት አለመውጣቱን ይጠይቃል፤ ዊንዶውስም ስለ ራሱ አሠራርና ስለ ደረሱበት ብልሽቶች ለማይክሮሶፍት ሪፖርት ይልካል፤ ይህን የመጨረሻውን «ፕራይቬሲ» በሚለው ክፍል ውስጥ ገብተው ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ማውረድ ይቻላል፣ እኔም ያውርዱት እላለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር፣ ማውረድ ራሱ ያለ መላክ እንደማይሆን ነው። ፋይል ሲወርድ በትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩም እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ የደረሰውን እየተረከበ ደረሰኝ ይልካል፤ ደረሰኙ ካልመጣለት ላኪው ያንኑ ቁራጭ ደግሞ ይልከዋል። የእነዚህ ደረሰኞች ድምር ከወረደው ጥቂት በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ «እኔ የላክሁት ነገር የለም» የሚል ሰው ኮምፒውተር ላይ የተላከው ቁጥር ዜሮ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሞባይል ዳታ ጥቅልም የወረደውንና የተላከውን ደምሮ እንደሚቆጥር ልብ ይበሉ።

የሞደሙን መብራት በተመለከተ ብዙ አይጨነቁበት። መብራቱ የሚብለጨለጨው ማንኛውም ዳታ ባለፈ ቁጥር ነው፤ ስልክዎና ኮምፒውተሩ እዚያው ቤት ውስጥ ከሞደሙ ጋር ሲነጋገሩም ይብለጨለጫል። ማን ምን እንደላከ ከመብራቱ ማወቅ አይቻልም።

ጥቃቅኑ ሲደማመር ምን እንደሚያህል እርስዎ የሒሳብ መምህርት ነዎትና አብረን እናስላው። አንድ ፕሮግራም በሰከንድ 1 ኪሎባይት ብቻ ቢልክ፣ ቀኑ 86,400 ሰከንድ ስለሆነ በቀን 86 ሜጋባይት፣ በወር ደግሞ 2.6 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በሜጋባይት እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ የሚናቅ አይደለም። የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ በጣም ይለያል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት 5 ሰዓት ወይም 18,000 ሰከንድ ነው፤ 2 ጊጋባይት ለዚህ ሲካፈል በሰከንድ 110 ኪሎባይት ገደማ ይመጣል፤ ጥቅሉ እርስዎ ከመመለስዎ በፊት አልቆ ከነበረም ፍጥነቱ ከዚህ በላይ ነበር ማለት ነው። ሰዓት ማስተካከልም ሆነ የቴሌግራም መስመር መጠበቅ እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም። የዊንዶውስ ማሻሻያ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚበልጠው የተቀበለው ቁጥር ነበር። የተላከው በብዙ እጥፍ ከበለጠ፣ የሆነ ፕሮግራም ትልልቅ ፋይሎችን ከኮምፒውተርዎ ወደ ውጭ ሲያወጣ ቆይቷል።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ላይ በዚያው ሳምንት የገባ ትልቅ ፋይል የትኛው ነው? ራስዎ ጽፈውልኛል፤ የአባትዎ ተዝካር ፎቶና ቪዲዮ ነው። በጥሩ ጥራት በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 100 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ የሃያ ደቂቃው ብቻ 2 ጊጋባይት ይሞላል። የተቀመጠውም ዴስክቶፑ ላይ ነው። ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ የሚመጣው ወንድራይቭ የተባለው ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተና መጠባበቂያው ከበራ፣ ዴስክቶፕን፣ ዶክዩመንትስንና ፒክቸርስን እየተከታተለ እዚያ ያረፈውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማስቀመጫ ይጭናል። ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያስተካከለልዎ ልጅዎ ከሆነ፣ ምናልባት ለእርስዎ አስቦ ወይም የሚመጣለትን ሁሉ «እሺ» እያለ ሲያልፍ ይህን አብርቶት ይሆናል። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ነውና በእኔ ቃል አይርጉ፣ ማረጋገጫውን አብረን እንሂድበት።

አዲስ ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ሞደሙን ያብሩና ኮምፒውተሩ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ «ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡ፤ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ቀጥሎ «ዋይፋይ» ብለው የተገናኙበትን የዋይፋይ ስም ሲጫኑ በሚመጣው ገጽ ላይ «ሴት አዝ ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚል ማብሪያ ያገኛሉ፤ ያብሩት። ይህ ማብሪያ ለዊንዶውስ «ይህ ኢንተርኔት በልክ የሚከፈልበት ነው» ብሎ ይነግረዋል። ያን ጊዜ ወንድራይቭ መጫኑን ለጊዜው ያቆማል፤ ዊንዶውስም አብዛኛውን ማሻሻያ ሳይጠይቅዎ አያወርድም። በሞባይል ጥቅል የሚጠቀም ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን ከሞደም ጋር ባገናኘበት ቀን መጀመሪያ ሊነካው የሚገባው ማስተካከያ ይህ ነው፤ ሻጩም ጠጋኙም ለደንበኛው ቢነግሩት እንዴት ደስ ባለኝ።

ይህ ማብሪያ ጥቅል ከመቆጠቡ ሌላ ለምርመራም ይጠቅማል። ሕግ አክባሪዎቹ የዊንዶውስ ክፍሎች ይህን ምልክት ሲያዩ ይሰበሰባሉ፤ ተንኮለኛ ፕሮግራም ግን ማብሪያውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ማብሪያውን ካበሩ በኋላ ትንሽ ጥቅል ገዝተው፣ ብሮውዘሩንም ቴሌግራሙንም ዘግተው፣ የሚላከውን መመልከት ነው። መላኩ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ወንድራይቭና ወደ ዊንዶውስ ማሻሻያ ያዘነብላል። ካልቆመ ላኪውን በስሙ መፈለግ አለብዎት። ጎግል ድራይቭን የመሳሰሉ የሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራሞችም ምልክቱን ላያከብሩ ስለሚችሉ፣ አልቆመም ማለት ብቻውን ቫይረስ ነው ማለት አይደለም።

ላኪውን በስሙ ለማግኘት በመነሻው መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ «ሪሶርስ ሞኒተር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ሲከፈት «ኔትወርክ» የሚለውን ገጽ ይምረጡ። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ፕሮግራም በስሙ ተዘርዝሮ፣ በሰከንድ ስንት ባይት እንደሚልክና እንደሚቀበል ለየብቻ ይታያል። «ሴንድ» የሚለውን የዓምዱን ራስ ሲጫኑ ብዙ የሚልከው ወደ ላይ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ያህል ሳይቸኩሉ ይከታተሉት። በመቶዎች የሚቆጠር ባይት ብቅ እያለ የሚጠፋው የተለመደው ነው፤ ሳያቋርጥ መቶ ሺሕና ከዚያ በላይ ባይት የሚልከው ነው የምንፈልገው። ስሙን ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ለጎረቤትዎም ልጅ «ቫይረስ አለ» ከሚለው ይልቅ ይህ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይበልጥ ይረዳዋል።

ከዚሁ ጋር ሰዓቱ ከሚታይበት ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የደመና ምልክት ይመልከቱ፤ ከጎኑ ባለችው፣ ወደ ላይ በምታመለክተው ቀስት ውስጥ ተደብቆም ሊሆን ይችላል። ሲጫኑት ወንድራይቭ በቅርቡ የጫናቸው ፋይሎች ዝርዝር ይመጣል። የተዝካሩ ፎቶዎች ስም እዚያ ተደርድሮ ካገኙት የእሑዱ ሌሊት ጉዳይ ተፈታ ማለት ነው። በነፃ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ስለሆነ ቪዲዮው ገና ተጭኖ አላለቀ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ማብሪያውን ካላበሩ በቀር የሚቀጥለው ጥቅልም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

እዚህ ላይ በጣም እንዲጠነቀቁ የምፈልገው ነገር አለ። ወንድራይቭ መሆኑን ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ተናዶ ፋይሎቹን ከወንድራይቩ ይሰርዛል፤ ሁለቱ ወገን የተሳሰሩ ስለሆኑ ግን ከአንዱ የተሰረዘ ከሌላውም ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የተማሪዎችዎን ውጤትና የተዝካሩን ፎቶ ሁሉ ንጹሕ በሆነ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቅዱ፣ ከቀዱም በኋላ ጥቂቶቹን ከፍተው ይመልከቱ፤ መጠባበቂያውን ከማስተካከያው ገጽ የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅዎንም በማን አካውንት እንደከፈተው ይጠይቁት። የተማሪዎች ውጤት ዶክዩመንትስ ውስጥ ከነበረ እሱም አብሮ ተጭኗል፤ የተማሪ ውጤት የተማሪው የግል መረጃ ነው፣ አገራችንም ለግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። የፎቶው ኢንተርኔት ላይ መቀመጥ ክፉ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ ቢበላሽ ያ ቅጂ ያተርፍዎታል። የተማሪዎቹ ውጤት ግን ቁልፉ በእጅዎ በሌለ አካውንት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። አካውንቱን በራስዎ ስም አድርገው፣ ጠንካራ የይለፍ ቃልና ሁለት ደረጃ ያለው ማረጋገጫ ያብሩበት።

ወንድራይቭ ሆኖ ካልተገኘስ? ቀጥሎ የማየው «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የተባለውን ነው። ይህ የዊንዶውስ ክፍል ኮምፒውተርዎ ያወረደውን ማሻሻያ በቁራጭ በቁራጭ ለሌሎች ሰዎች ኮምፒውተር እንዲያድል ያደርገዋል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ለቤት ተጠቃሚ በተዘጋጀው ዓይነት ላይ ይህ እደላ ተከፍቶ ነበር የመጣው፤ የሚታደለውም እዚያው ቤት ላሉ ኮምፒውተሮች ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ ላሉ ለማይታወቁ ሰዎች ጭምር ነው። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ያለ ገደብ የሚጠቀም ሰው ለሌላው ቢያካፍል የሚጎድልበት የለም። ደብረ ብርሃን ወይም እነዋሪ ተቀምጦ እያንዳንዱን ሜጋባይት ከደመወዙ ቀንሶ የሚገዛ ሰው ግን፣ ሳይጠየቅና ሳያውቅ የማያውቀውን ሰው ኮምፒውተር በገንዘቡ ሲያሳድስ ይኖራል። ይህን ፍትሐዊ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም፤ የሰውን ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ተዘግቶ መጥቶ ባለቤቱ ሲፈቅድ ሊከፈት በተገባ ነበር። በልክ የሚከፈልበት መሆኑን የሚገልጸው ማብሪያ ሲበራ ይህ እደላ ይቆማል፤ ቢሆንም «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተው ከሌሎች ኮምፒውተሮች ማውረድን የሚፈቅደውን ጨርሰው ይዝጉት። እዚያው «አክቲቪቲ ሞኒተር» የሚል ገጽ አለ፤ በወሩ ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች ምን ያህል እንደታደለ በቁጥር ያሳይዎታል።

ልጅዎ ፊልም ወይም ሶፍትዌር በቶረንት (ተጠቃሚዎች ፋይል እርስ በርስ በሚቀባበሉበት ዘዴ) የሚያወርድ ከሆነም፣ ያ ፕሮግራም ያወረደውን መልሶ ለሌሎች መላክ አሠራሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ እንዳይነሣ ማድረግ ወይም ማውጣት ይበቃል።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ፤ የጎረቤትዎ ልጅ የፈራው ነገር በእርግጥ ያለ ነገር ነውና። በቫይረስ የተያዘ ኮምፒውተር ባለቤቱ ሳያውቅ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ይልካል፣ የሌሎችን ሰርቨር በጥያቄ ያጨናንቃል፣ ሌላ ሰው ማንነቱን ሸሽጎ የሚያልፍበት መተላለፊያም ይሆናል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. የታየው ኮንፊከር የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ተንኮለኛ ፕሮግራም) በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን የያዘው በኔትወርክና በፍላሽ እየተሻገረ ነው። በትምህርት ቤቶችና በጽሕፈት ቤቶች ዛሬም የሚያስቸግረን ሾርትከት ቫይረስ የምንለውም በፍላሽ ነው የሚዞረው። እርስዎ ፈተና በፍላሽ ይዘው ወደ ማባዣ ቤት ወይም ወደ ትምህርት ቤት ከወሰዱና ያንኑ ፍላሽ ቤት መልሰው ከሰኩ፣ በሩ በዚያ በኩል ክፍት ነው።

የይለፍ ቃል የሚሰርቁት ፕሮግራሞች ግን ከሁሉ ይከፋሉ፤ ብሮውዘሩ ያስታወሰልዎትን የይለፍ ቃል ሁሉ ሰብስቦ ለመላክ ጥቂት ኪሎባይት ይበቃልና ጥቅልዎ ላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ የእሑዱ 2 ጊጋባይት የወንድራይቭ ሥራ ሆኖ ቢገኝም፣ በዚህ ብቻ ተረጋግተው እንዳይቀመጡ እመክራለሁ፤ የብዛቱ መነሻ ታወቀ እንጂ የኮምፒውተሩ ንጽሕና ገና አልተረጋገጠም።

ንጽሕናውን ለማየት ዲፌንደር ከተባለው ከዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ይጀምሩ። ሌላ አንቲቫይረስ ሳይጫን እሱ ካልበራ፣ ወይም ማብራት እምቢ ካለዎት፣ ይህ ከተላከው ብዛት የበለጠ የሚያሳስብ ምልክት ነው፤ ብዙ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ሲገቡ እሱን ለማጥፋት ይሞክራሉና። የሚሠራ ከሆነ የቫይረስ መለያውን ያሳድሱና «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሳይከፈት፣ የተደበቀው ፕሮግራም ለመሸሸግ ዕድል ሳያገኝ ይፈተሻል፤ ሥራው ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ሪሶርስ ሞኒተር ላይ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚያዩት «ኤስቪሲሆስት» የተባለ ስም አያስደንግጥዎ፤ በርካታ የዊንዶውስ አገልግሎቶች የሚሠሩት በዚህ ስም ነው። ነገር ግን ቫይረሶችም ይህን ስም ይዋሳሉ። ለመለየት ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ በዝርዝሩ ገጽ ስሙን በቀኝ ተጭነው ፋይሉ ያለበትን ቦታ እንዲያሳይዎ ያዙት። እውነተኛው የሚገኘው በዋናው ዲስክ ላይ «ዊንዶውስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ባለው «ሲስተም 32» ነው። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ወይም ጊዜያዊ ፋይሎች በሚቀመጡበት ቦታ ከተገኘ፣ ወይም በስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ከተዛባ፣ ያን ጊዜ ጎረቤትዎ ልክ ነበር፤ ሞደሙን ወዲያው ያጥፉት።

ፎርማት የሚገባው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲገኝ፣ ወይም ዲፌንደር አግኝቶ ያጠፋው ነገር ተመልሶ ሲመጣ ነው። እዚህም ላይ የማያቸው አሠራሮች ያሳዝኑኛል። በየቦታው ፎርማት የሚደረገው ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ፍላሽ ሲሆን፣ ዊንዶውሱ ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተነካካ) ወይም በአክቲቬተር፣ ማለትም ፈቃድ ያለው በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚከፈት ነው፤ አክቲቬተሩ እንዲሠራ ደግሞ አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ይደረጋል። ቫይረስ ሊያስወጣ የሄደ ሰው በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ኮምፒውተር ይዞ ይመለሳል። ሥራው የግድ ከሆነ፣ ዊንዶውሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በቀጥታ ከወረደ ፋይል እንዲጫን በግልጽ ይጠይቁ፤ ኮምፒውተሩ ሲገዛ ሕጋዊ ዊንዶውስ ይዞ የመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱን ራሱ ያውቀዋል፣ አክቲቬተር አያሻውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚችል መሆኑን በዚያው አጋጣሚ ያስመርምሩ፤ ካልቻለ የተራዘመውን የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት የሚችለው በፕሮግራሙ ከተመዘገበ ነው።

በልክ የሚከፈልበት የሚለው ማብሪያ ማሻሻያዎችን ስለሚያዘገይ፣ በወር አንድ ጊዜ ገደብ የሌለው ወይም ሰፊ ጥቅል ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ልጅዎ ጋ ወይም ትምህርት ቤት፣ ማሻሻያውን ራስዎ አዝዘው ያውርዱ። ሌሊት ሲተኙም ሆነ ከቤት ሲወጡ ሞደሙን ማጥፋት ገንዘብ ይቆጥባል፤ የተደበቀ ነገር ካለ ግን ሞደሙ ሲበራ ስለሚቀጥል፣ ማጥፋቱን የፍተሻው ምትክ አያድርጉት። ፍተሻው ተንኮለኛ ፕሮግራም ካገኘ ደግሞ የይለፍ ቃሎችዎን ሁሉ ይለውጡ፤ የሚለውጡት በዚያ ኮምፒውተር ሳይሆን ንጹሕ መሆኑን በሚያውቁት ስልክ ይሁን፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚከፈቱት በኢሜይሉ በኩል ስለሆነም ከኢሜይሉ ጀምረው ወደ ባንክና ወደ ቴሌግራም ይሂዱ።